"በምን ሞተ?"፦ የሐኪም ግምት፣ የአስከሬን ምርመራ እና የዳባት ልምድ

በዳባት ወይም በደባርቅ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ አንድ ጎልማሳ ታምሞ ቢሞት ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ይፈጸማል። ካህናት ይጠራሉ፣ ፍትሐቱ ይደርሳል፣ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በምን ሞተ?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። አንዱ "ምች መታው" ይላል፤ ሌላው "ታይፎይድ አለብህ ተብሎ ነበር"፤ ሦስተኛው ደግሞ "ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ"። አስከሬኑ በሐኪም ተመርምሮ ከእነዚህ መልሶች የትኛው እውነት እንደሆነ የሚለይበት አጋጣሚ የለም ማለት ይቻላል። ሟቹ ከነምስጢሩ ይቀበራል።

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። ነገር ግን ለጤና ጣቢያ የሚላከው መድኃኒት፣ ለወረዳው የሚመደበው በጀት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚሰጠው ሥልጠና፣ ሁሉም "ሰው በምን እየሞተ ነው?" ለሚለው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ላይ የተመሠረተ ነው። መልሱ ከተሳሳተ የሚቀጥለውም በሽተኛ በዚያው ስሕተት ይታከማል።

ሐኪም በሕይወት ሳለ ያየው በሽታና ከሞት በኋላ በአስከሬን ላይ የሚገኘው ምን ያህል ይገጣጠማሉ? በዚህ ላይ በዓለም ብዙ ተጽፏል። በስፋት ከሚጠቀሱት አንዱ እ.አ.አ. በ1983 የታተመው የቦስተን ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በአንድ ታዋቂ የማስተማሪያ ሆስፒታል በ1960፣ በ1970 እና በ1980 ከተደረጉት የአስከሬን ምርመራዎች ከየዓመቱ መቶ መቶ ወስደው ከሐኪሞቹ ማስታወሻ ጋር አነጻጸሩ። በሦስቱም ዘመናት ከመቶ አሥር በሚያህሉት ሟቾች ላይ ሐኪሞቹ ያላዩት፣ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ሕክምናውን የሚለውጥና ምናልባትም ዕድሜ የሚያራዝም ትልቅ በሽታ ተገኘ። አስገራሚው ነገር በእነዚያ 20 ዓመታት ውስጥ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካንን የመሳሰሉ አዳዲስ መሣሪያዎች ቢገቡም የስሕተቱ መጠን ያለመቀነሱ ነው። አዲሱ መሣሪያ አንዱን በሽታ ሲገልጥ፣ የሕሙማኑ ሁኔታ ደግሞ እየተወሳሰበ ሌላው ይሸሸግ ነበር።

ይህ በቦስተን ነው። ለአፍሪካ የሚቀርበው ማስረጃ የመጣው ከሞዛምቢክ ዋና ከተማ ከማፑቶ ነው። በማፑቶ ማዕከላዊ ሆስፒታል እ.አ.አ. ከ2002 እስከ 2004 መጨረሻ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሞቱ 139 እናቶች አስከሬን ተመረመረ። በ56ቱ፣ ማለትም ከመቶ 40 በሚያህሉት፣ ሐኪሞቹ የጻፉት የሞት ምክንያት አስከሬኑ ከገለጠው ጋር በእጅጉ የተለየ ሆኖ ተገኘ። ሳይታወቁ ያለፉት በብዛት ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ፦ ከኤች አይ ቪ ጋር የተያያዙ ሕመሞች፣ የሳምባ ምች፣ የማጅራት ገትር፣ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የማሕፀን ቁስለት። ያለቦታው የተጻፈው ደግሞ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው የእርጉዝ ሴት መንፈራገጥ፣ ኤክላምፕሲያ ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት ራሷን ስታ ስትንፈራገጥ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ ከበስተጀርባው የማጅራት ገትር ተደብቆ ሊሆን እንደሚችል ግን ሁልጊዜ አይታሰብም።

ከማፑቶው ውጤት የሚገኘው ዕውቀት ሐኪሞችን ለመውቀስ የሚያገለግል አይደለም። እነዚያ ሐኪሞች በትልቅ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ አጠገባቸው ሆኖ፣ ሕሙማኑን በዓይናቸው እያዩ ነው የተሳሳቱት። ከዚህ ቀጥሎ በጤና ጣቢያ ብቻ ታይቶ ወይም ጭራሹን ሳይታይ ቤቱ ስለሞተ የስሜን ገበሬ ምን ሊባል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በኢትዮጵያ የአስከሬን ምርመራ በአብዛኛው የፍትሕ ሥራ ነው። ግድያ፣ መመረዝ፣ ድንገተኛ ወይም አጠራጣሪ ሞት ሲያጋጥም በፖሊስ ጥያቄ ይከናወናል። ለረጅም ዘመን የዚህ ሥራ ዋና ማዕከል የአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ስለነበር፣ በብዙ ሰው አእምሮ "ምኒልክ ተላከ" ማለትና አስከሬን ተመረመረ ማለት አንድ ሆኖ ቆይቷል። በሕመም የሞተን ሰው፣ በሽታውን ለማወቅ ብቻ ብሎ መመርመር ግን እምብዛም አይደረግም። የፓቶሎጂ ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ ነው፤ ካሉትም አብዛኞቹ በትልልቅ ከተሞች ይሠራሉ። ቤተሰብም አስከሬን እንዲከፈት አይፈልግም። ይህን አለመፈለግ ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይደለም፤ አስከሬኑ በክብር ተገንዞ ሙሉ ሆኖ ወደ አፈር እንዲመለስ መሻት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ጥልቅ ሥር ያለው ነው። በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን በሆስፒታሎች የሚደረገው የአስከሬን ምርመራ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በእጅጉ ቀንሷል።

ታዲያ አስከሬን በማይከፈትበት አገር የሞት ምክንያት እንዴት ይታወቃል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚፈለግባቸው የኢትዮጵያ ሥፍራዎች አንዱ ከደባርቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በጎንደር መንገድ ላይ የሚገኘው ዳባት ነው። በዚያን ጊዜ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል የነበረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.አ.አ. በ1996 በዳባት ወረዳ የሕዝብ ቆጠራ አድርጎ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጀመረ። ሥራው ኋላ ላይ ወደ 13 ቀበሌዎች ሰፍቷል። ከእነዚህም ዘጠኙ የገጠር፣ አራቱ የከተማ ናቸው። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ተካተዋል። መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን አካባቢውን እንደለቀቀና ማን እንደሞተ ይመዘግባሉ።

ሞት ሲመዘገብ ሌላ ሥራ ይከተላል። የኀዘኑ ጽናት በረድ ካለ በኋላ የሠለጠነ ጠያቂ ወደ ሟቹ ቤት ሄዶ ያስታመመውን ሰው፣ ሚስትን፣ እናትን ወይም ልጅን ያነጋግራል። ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ቆየ? ሳሉ ደረቅ ነበር ወይስ አክታ ያለው? ደም ተቀላቅሎበታል? ሰውነቱ አብጦ ነበር? ሆዱ በየት በኩል ነበር ያበጠው? ከስቶ ነበር? እርጉዝ ነበረች? ስንት ሰዓት አማጠች? ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ነበር? ምን ተባለ? ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መጠይቅ መሠረት የሚካሄድ ምርመራ በአስከሬን ፈንታ የቤተሰብን ትዝታ የሚመረምር ስለሆነ "የቃል የአስከሬን ምርመራ" ይባላል። የተሰበሰበው ቃል ለሁለት ሐኪሞች ለየብቻ ይሰጣል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሐኪም ይፈርዳል። ወይም መልሶቹ ወደ ኮምፒውተር ገብተው ለየበሽታው ዕድል የሚያሰላ ቀመር ያመዛዝናቸዋል።

ከእነዚህ ቀመሮች በጣም የታወቀው ኢንተርቪኤ የተባለው ሲሆን ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከጠንሳሾቹ አንዱ ፒተር ባያስ እ.አ.አ. በ1986 ከተጀመረው የቡታጅራ የጤና ክትትል ሥራ ጋር ለብዙ ዘመን የተሳሰረ ተመራማሪ ነበር። ቀመሩም ገና በለጋነቱ በቡታጅራ በተሰበሰቡ የሞት መረጃዎች ላይ ተፈትኗል። በኋላም በዳባት መረጃ ላይ የቀመሩን ውጤት ከሐኪሞች ውሳኔ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ታትመዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቀመሩ "ከሐኪሞቹ ጋር ይስማማል" ሲባል "ትክክል ነው" ማለት አይደለም። ሐኪሞቹም ቢሆኑ አስከሬኑን አላዩም፤ ያነበቡት ያንኑ የቤተሰብ ቃል ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጥላ መጠን ቢስማሙ የባለ ጥላው ቁመት ታወቀ አይባልም። የሆስፒታል ካርድ ተገኝቶ ማነጻጸሪያ ቢደረግ እንኳ የማፑቶው ውጤት እንደሚያሳየው ያ ካርድ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ይህን ችግር ለማቃለል ከተደረጉት ሙከራዎች ትልቁ በሜክሲኮ፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስና በታንዛኒያ የተካሄደው ጥናት ነው። በዚያ ጥናት በሆስፒታል ምርመራ በቂ ማረጋገጫ የተገኘላቸው 12,542 ሞቶች ብቻ ተመርጠው ቤተሰቦቻቸው ተጠየቁ፤ ሐኪሞችም ቀመሮችም በእነዚያ ተለኩ። ሁሉም የሚያዩት እና የማያዩት ነገር እንዳለ ታወቀ።

የሚታዩት ምልክታቸው በግልጽ የሚለይ ሞቶች ናቸው። ከገደል መውደቅ፣ የመኪና አደጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ኩፍኝ፣ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም፤ እነዚህን ያየ ቤተሰብ አይረሳቸውም፤ ሲናገራቸውም ከሌላ ጋር አይምታቱም። የማይታዩት በብዛት በትኩሳት የሚጀምሩት ናቸው። ወባ፣ የሳምባ ምች፣ ታይፎይድ፣ ተስቦ፣ የደም መመረዝ፣ ካላዛር፣ ሁሉም በቤተሰብ ትዝታ ውስጥ "ያተኩሰው ነበር፤ ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ምግብ እምቢ አለ" በሚል አንድ ቃል ይገባሉ። የውስጥ ካንሰርና የልብ ሕመምም እንዲሁ ናቸው።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመራል። "ምች" በአንዱ ቤት ፀሐይ የመታው ሰው ራስ ምታትና ትኩሳት ነው፤ በሌላው ቤት የከንፈር ቁስል፤ በሦስተኛው ድንገት ወድቆ መሞት። "መጋኛ መታው" የሚባለው ሰው በስትሮክ ወይም በልብ ሕመም የሞተ ሊሆን ይችላል። "ሾተላይ አለባት" የምትባለው እናት ልጆቿ በተወለዱ በጥቂት ቀናት የሚሞቱባት ሴት ናት። ሐኪሞች ይህን ስም ከእናትና ከጽንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ጋር ያያይዙታል፤ ነገር ግን በዚያው ስም ሥር ቂጥኝ፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ጊዜ መታፈን ወይም ኢንፌክሽን ሊደበቅ ይችላል። የደም ዓይነቷን አስመርምራ መርፌ ብትወስድ የሚድን ልጅ አለ፤ ቂጥኝ ተመርምራ ብትታከም የሚድን ሌላ ልጅ አለ። ስሙ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ጎበዝ ጠያቂ ስሙን መዝግቦ አይሄድም፤ "ሕፃኑ ሲወለድ አለቀሰ? ዓይኑ ቢጫ ሆነ? በስንተኛው ቀን ጡት እምቢ አለ?" ብሎ ይቀጥላል።

የሚነገረውም ሁሉ አይነገርም። የሳምባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ ራስን ማጥፋት፣ ተደብቆ የተፈጸመ ውርጃ በብዙ ቤት ከደጃፍ የማይወጡ ቃላት ናቸው። ጠያቂው የአካባቢ ሰው ከሆነ ይታመናል፤ ነገር ግን ያው የአካባቢ ሰው ስለሆነ ይፈራል። ለዚህ ቀላል መፍትሔ የለውም። ያም ሆኖ በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በመቃብር ሥፍራዎች በተደረገው የቀብር ክትትልና የቤተሰብ ቃለ መጠይቅ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በበሽታው የሚሞተው ጎልማሳ ቁጥር በእጅጉ መቀነሱን ማየት ተችሏል። ለአንድ ሰው የማይበቃ ትዝታ ለብዙ ሰው ሲደመር ትርጉም አገኘ።

የዚህ ምክንያቱ በሒሳብ ይገባል። ለምሳሌ በአንድ ወረዳ አሥር ሰዎች በነቀርሳ፣ አሥር ሰዎች በሳምባ ምች ሞቱ እንበል። ጠያቂዎቹ ከነቀርሳዎቹ ሦስቱን የሳምባ ምች፣ ከሳምባ ምቾቹም ሦስቱን ነቀርሳ ቢሏቸው ስድስት ቤተሰቦች የተሳሳተ መልስ አግኝተዋል፤ የወረዳው ድምር ግን አሁንም አሥር በአሥር ነው። ዕቅድ ለሚያወጣው ጽሕፈት ቤት ይበቃል። አባታቸው በነቀርሳ ሞቶ ሳለ የሳምባ ምች ነው ለተባሉትና ራሳቸው ሳይመረመሩ ለቀሩት ልጆች ግን አይበቃም። ይህ ልዩነት በሪፖርቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲያዘነብል ደግሞ ድምሩም ይፈርሳል።

ያዘነበለ ስሕተት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ከ1997 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዓመታት ሰዎች ለሳምንታት እያተኮሱ፣ እየመነመኑ፣ ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። አካባቢው ደጋማ ስለሆነ ካላዛር አልተጠረጠረም። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ሕሙማኑ አልዳኑም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው ተባለ። በሽታው ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፍቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ብዙ ሕሙማንን አከመ። ከታከሙት መካከል የሞቱት ከመቶ አራት አይሞሉም። ካላዛር ሳይታከም ሲቀር ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድላል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ትክክለኛ ስም ዋጋ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች የአንዱ ጣፊያ እንኳ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ጥገኛ ተሕዋስያኑ በማይክሮስኮፕ ይታዩ ነበር።

ይህ ታሪክ ለስሜን ሰው ባዕድ አይደለም። ከዳባት፣ ከደባርቅና ከአካባቢው ደጋ የሚነሡ ወጣቶች በየዓመቱ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚያ አለች፤ ሠራተኛውም ሜዳ ላይ ያድራል። በሽታው የሚገለጠው ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ወደ ቀዬው ተመልሶ የገብስ ማሳውን ሲጎበኝ ሊሆን ይችላል። የደጋው ጤና ጣቢያ ባለሙያ "ቆላ ወርደህ ነበር?" ብሎ ካልጠየቀው፣ እሱም ካልነገረው፣ ታሪኩ እንደ ሊቦ ከምከም ይሆናል። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ደም ሊጀመር ይችላል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም በዚሁ በሽታ ላይ የሚሠራ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። የሟች ቤተሰብ ሲጠየቅም "ባለፈው መከር የት ነበር?" የሚለው ጥያቄ ከትኩሳቱ ቀናት ብዛት ያላነሰ ዋጋ አለው።

ሌላው ያዘነበለ ስሕተት በከተሞች የተለመደው "ታይፎይድና ታይፈስ" ነው። በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ በደም ውስጥ የመከላከያ ምልክት መኖር አለመኖሩን እንጂ ተሕዋሱን ራሱን አያሳይም። ቀድሞ ታሞ የዳነ ሰው፣ አንዳንዴም በሌላ በሽታ የተያዘ ሰው፣ "አለብህ" ሊባል ይችላል። በኢትዮጵያ የዊዳልን ውጤት ከደም ካልቸር ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች በምርመራው አለባቸው ከተባሉት መካከል ታይፎይድ በእርግጥ የተገኘባቸው በጣም ጥቂት መሆናቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ውስጥ "በታይፎይድ ሞተ" ሲባል፣ ጠያቂውም "ጤና ተቋም ምን አሉት?" ሲል ያንኑ ሲጽፍ፣ የክሊኒኩ ስሕተት ከሟቹ በኋላ በመዝገብ ላይ መኖሩን ይቀጥላል።

አስከሬን በመክፈትና ትዝታን በመጠየቅ መካከል ሦስተኛ መንገድም ተከፍቷል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረርና በቀርሳ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሚሳተፍበት ቻምፕስ በተባለው ዓለም አቀፍ የሕፃናት ሞት ጥናት፣ ከሞቱ ሕፃናት በወላጅ ፈቃድ በመርፌ ብቻ ከሳምባ፣ ከጉበት፣ ከአንጎልና ከደም ናሙና ይወሰዳል። አስከሬኑ አይከፈትም፤ ቀብርም ብዙ አይዘገይም፤ ውጤቱም ለቤተሰቡ ተመልሶ ይነገራል። ለስሜን ማኅበረሰብ ተቀባይነት ሊያገኝ የሚችለው ይህ ዓይነቱ ይመስላል፤ የሚጠይቀው ላቦራቶሪና ባለሙያ ግን ውድ ስለሆነ ለጊዜው በየዞኑ የሚዳረስ አይደለም።

የሲቪል መዝገቡ በበኩሉ ገና ብዙ ይቀረዋል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ሞትም በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ልደት ለትምህርት ቤት፣ ጋብቻ ለውርስ ስለሚያስፈልግ ሰው ወደ ቀበሌ ይሄዳል፤ ለሞት የሚሄደው ግን የይዞታ ወይም የጡረታ ጉዳይ ሲኖርበት ነው። ቤቱ የሞተ ሰው ሲመዘገብ የሐኪም ማረጋገጫ አብሮ የሚቀርበው ከስንት አንዴ ነው። በዳባት የክትትል ቀበሌዎች የሞተ ሰው ቢያንስ ጠያቂ ይመጣለታል። ከወሰኑ ማዶ ባለው ቀበሌ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ትኩሳት የሞተው ጎረቤቱ ግን በለቅሶ ቤቱ መልስ ብቻ ይቀበራል።

የሟቹ የሕክምና ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣው፣ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ከቀብር በኋላ ይጣላል ወይም ከልብሱ ጋር ይቃጠላል። ጠያቂ ሲመጣ ወይም አንድ የቤተሰብ አባል በተመሳሳይ ምልክት ሲታመም ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።